አርቄ የቆፈርኩት ጉድጓድ

ጥቅምት 5

ሁለት ፍሪጅ ሠራሁ። አንዱ ጋዝ ጨርሶ ነው። ሌላው ምንም አልሆነም... ከግድግዳ ጋር አጣብቀውት ጀርባው መተንፈሻ አጥቶ ነው። ለባለፍሪጇ «ፍሪጅሽ አልታመመም፣ ታፍኖ ነው። እኔንም እንደዚህ ጥግ ብታስይዢኝ ሥራ አቆማለሁ» አልኳት። ባሏ ጭምር ሳቀ።

ቤት ስገባ «መጣሁ» አልኩ። ልማድ ነው። ማን ይሰማል?

የእህቴን የዘሙሩድን ክፍል ከፈትኩት። በየቀኑ እከፍተዋለሁ። አየር እንዲገባ ነው እላለሁ ለራሴ። አልጋዋ እንዳነጠፈችው ነው። መስከረም ላይ ልጇ ናዲያ መጥታ ወደ አያት ኮንዶሚኒየም ይዛት ሄደች። «አጎቴ፣ እናቴ እዚህ ብርድ ላይ ሌላ ዓመት አትከርምም» ብላ። ምን ልበላት? ሐኪሙም ብሏል። የዘሙ ሳንባ ብርድ አይችልም፤ የከሰል ጭስም አይችልም። እኛ ጉራራ ዳገት ላይ ደግሞ ከሁለቱ ሌላ ምን አለን? ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ፣ ወይ ከሰል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ሞክረን ነበር። የቤቱን መብራት ሁሉ ይዞ ጠፋ። በሠራበት ቀን ደግሞ ጉሮሮዋን አደረቀው።

ወንድማችን ጀማለዲን ሚያዝያ ላይ ሞተ። ዘሙ መስከረም ላይ ሄደች። ሦስት ነበርን። አሁን እኔና ቴርሞሜትሬ።

ጥቅምት 6

የፍሪጅ ቴርሞሜትሬን የዘሙ ትራስ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት አየሁት፤ አሥራ አንድ ዲግሪ። አትክልት ይቀመጥበታል። እህት አይቀመጥበትም።

ጥቅምት 9

ፍሪጅ ብርድ አይሠራም። ይህን ለስንቱ አስረድቼ ደክሞኛል። ሙቀቱን ከውስጥ አውጥቶ በጀርባው ይጥለዋል እንጂ። ሙቀት እንደ ዘመድ ነው፤ ካለበት ሄደህ ታመጣዋለህ።

ታዲያ ለዘሙ ክፍል ካለበት የሚመጣው ከየት ነው?

ጓሮ አባታችን ውሃ ሲፈልግ ቆፍሮ፣ ድንጋይ አግኝቶ የተወው ደረቅ ጉድጓድ አለ። ጎህ ሲቀድ ቴርሞሜትሩን በገመድ አስሬ አወረድኩት። ውጭ ስምንት ነበር፤ እጄ ገመዱን መያዝ አቅቶታል። ሳወጣው አሥራ ሰባት።

ቀትር ላይ ደገምኩት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጉድጓዱ አሁንም አሥራ ሰባት።

ምድር ለቀኑም ለሌሊቱም ግድ የላትም ማለት ነው። ከላይ እኛ እንንጫጫለን፤ እሷ ታች አንድ ዓይነት ጠባይ ይዛ ተቀምጣለች። እንደ ጀማል።

ስልኬ ላይ ፈልጌ ቪዲዮ አገኘሁ። በረዶ አገር ያሉ ሰዎች ረጅም ቱቦ ይቀብሩና የውጭውን አየር በመሬት ውስጥ አሳልፈው ቤት ያስገቡታል። በብርድ ወራት ሞቅ ብሎ ይገባል፤ በሙቀት ወራት ቀዝቅዞ። ከሰል የለ፣ ጭስ የለ። የሚናገሩት ቋንቋ አልገባኝም። ቱቦው ግን ገባኝ።

ጥቅምት 12

ለሬድዋን ደወልኩ። የናዲያ ባል፣ ሕንፃ መሐንዲስ፣ ጨዋ ልጅ።

«ጋሼ፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ግን ቱቦው ወደ አንድ ጎን ያዘቅዝቅ። አለዚያ ውስጡ ውሃ ይጠራቀምብዎታል።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ማውጣት ያቃታችሁ ሰዎች እኔን ስለ ውሃ ታስተምሩኛላችሁ?»

ሳቀ። ምስኪን፣ ሁልጊዜ ይስቅልኛል።

ለዘሙ እንዳይነግራት አስማልኩት። ክፍሉ ሲያልቅ ድንገት ነው የማሳያት። በሩን ከፍቼ «ግቢ» ብቻ ነው የምላት። የኅዳር ብርድ ሳይጠነክር ከደረሰልኝ ትመጣለች። ካልደረሰልኝ... አራተኛ ፎቅን ትለምደዋለች። ሰው የማይለምደው ምን አለ? የምፈራው እሱን ነው።

ጥቅምት 17

የቀን ሠራተኛው ገረሱ ቁፋሮ ጀመረ። ጉልበት ያለው ሰው ነው፤ ወሬም አያበዛም። ከዘሙ መስኮት ሥር ተነስቶ በአጥሩ ጥግ ጥግ እስከ ግቢው ጫፍ። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት በላይ። ከላይ ቀይ አፈር፣ ከሥር ጥቁር ድንጋይ።

ጎረቤቴ ብርቄ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ስታሰጣ አየችን።

«ሙክታር፣ ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም።»

«አውቀዋለሁ እንጂ። እኔው ነኝ የምገባበት። በቁመቴ ነው ያስለካሁት።»

«አፍህን ያዘው» አለች። ግን ጉድጓዱን ደግማ አየችው።

ገረሱ ዶማውን አቆመ። «ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ?»

«አይዞህ፣ ሰፋ አድርገው። ካስፈለገ ላንተም ቦታ ይኑር።»

እስከ ምሳ ድረስ አላናገረኝም።

ጥቅምት 20

የእድራችን ዳኛ አቶ ይድነቃቸው መጡ። ቆባቸውን አውልቀው። ጉድጓዱን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ሙክታር፣ ሕመም ደብቀውን ይሆን? ጎረቤት አይደበቅም።»

ብርቄ ናት እንግዲህ። እውነቱን ብነግራቸው ምን ነበረበት? ቱቦ ነው ብል ምን ነበረበት? ግን ፊታቸውን ሳየው... ቆባቸው ደረታቸው ላይ...

«ቀኑን ገና አልቆረጥኩም» አልኳቸው። «ድንኳኑን ግን ለታኅሣሥ ያዙልኝ። ከሰው ሠርግ ጋር እንዳይጋጭብኝ።»

ዘገነናቸው። ቆባቸውን እንኳ መልሰው ሳያደርጉ ወጡ። ጉድጓዱ ጫፍ ቁጭ ብዬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። ብቻውን የሚስቅ ሰው ድምፅ ግን ለጆሮ ደስ አይልም። ቶሎ አቆምኩ።

ጥቅምት 22

ዘሙ ደወለች። ከሄደች ወዲህ የምደውለው እኔ ነበርኩ።

«ሙክታር፣ ጓሮ የምትቆፍረው ምንድን ነው? ወሬው እዚህ አያት ድረስ ደርሷል። ለማነው?»

ሳቄ መጣ። ዋጥኩት። ለአንድ ቀን እንኳ ቁም ነገር ልናገር ብዬ ቆረጥኩ።

«ለአንቺ ነው» አልኳት።

«ለእኔ?»

«ለአንቺ ነው የምቆፍረው። ሲያልቅ ትመጫለሽ። አልጋሽ ተነጥፎ ይጠብቅሻል። ከዚያ በኋላ ብርድ አያገኝሽም፣ ጭስ አያገኝሽም...»

እየተናገርኩ ጆሮዬ ሰማው። አፌ ግን ቀድሞ ሄዷል።



«የጀማል አፈር ገና አልደረቀም» አለች። «ገና አልደረቀም፣ ሙክታር።»

ዘጋችው።

በዕድሜዬ አንዴ ሳልቀልድ ብናገር፣ ከቀልዶቼ ሁሉ የከፋው እሱ ሆኖ አረፈው።

ጥቅምት 23

ደወልኩ። አላነሳችም።

ጥቅምት 25

ሬድዋን ስለ ቱቦው ነግሯታል። ሁሉንም አስረድቷታል። እሷ ያለችው «ቱቦም ይሁን። ለእድሩ ዳኛ ድንኳን ያዙልኝ ያለውስ ማነው?» ነው።

እኔ ነኝ።

ጥቅምት 30

ቱቦው ተዘረጋ። የፍሳሽ ነጭ ፕላስቲክ ቱቦ። አንዱ አፍ በዘሙ ክፍል ወለል በኩል ብቅ ይላል። ሌላው አፍ ከግቢው ጫፍ፣ ከብርቄ አጥር ሥር፣ አንገቱን አጥፎ ቆሟል፤ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት አስሬበታለሁ። አየር በዚያ ይገባል፣ በመሬት ውስጥ ይጓዛል፣ ዘሙ ጋ ይደርሳል።

በየርምጃው ውሃ ልክ አስቀመጥኩበት። አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ። ገረሱን ጠርቼ አሳየሁት። «እይ፣ እንደ ጠረጴዛ ነው የተኛው» አልኩት። ሬድዋን ስለ ማዘቅዘቅ ያለው? ወጣት ነው፣ ይበዛዋል።

ኅዳር 4

አፈሩ ተመለሰ። ከአሮጌ ትልቅ ፍሪጅ የፈታሁትን ፋን በዘሙ ክፍል በኩል ገጠምኩት። ሲነሳ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ ነው... ቀስ ያለ። እጄን ዘረጋሁ። ለብ ያለ አየር። ሙቀት አይባልም። ብርድም አይባልም።

ዞር ብዬ የማሳየው ሰው ፈለግኩ። ገረሱ ሄዷል።

ያኔ ብርቄን በመስኮት አየኋት፣ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታነሳለች። ሰይጣን ያዘኝ። ወለሉ ላይ ተኛሁና አፌን ቱቦው ላይ ደቅኜ፣ በወፍራም ድምፅ፦

«ብርቄ... ብርቄ... ትናንት እድሩ ቤት ምን አወራሽ...»

«በስመ አብ ወወልድ» ብላ ልብሱን ለቀቀችው። ዙሪያዋን አየች። ሰማይ አየች። በመጨረሻ ቱቦውን አየችው። ጎንበስ ብላ፦

«ሙክታር፣ አንተ ሽማግሌ፣ መሬት ይዋጥህ ብዬ እንዳልረግምህ ቀድመህ ገብተህ ቆየኸኝ።»

ድምጿ እዚህ ክፍሉ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ መጣ። በዚህ ክፍል የሴት ድምፅ ከተሰማ ስንት ጊዜው ነው...

ኅዳር 9

ክፍሉ የረጠበ ጨርቅ ይሸታል። ባለፈው ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ ነበር። ቱቦውን ነካ ነካ ሳደርገው ታች የሆነ ቦታ ውሃ ይንቦጫረቃል። መገጣጠሚያው አስገብቷል፤ የገባው መውጫ የለውም።

ውሃ ልኩ «ልክ ነህ» ብሎኝ ነበር። ውሃው «ልክ አይደለህም» አለኝ።

ይህን ሽታ ዘሙ ብትተነፍሰው... ከሰሉ ይሻላት ነበር።

ኅዳር 12

እሑድ ነው። ሬድዋን መጣ። «ብዬዎት ነበር» አላለም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማውን ቀይሮ ገባበት፤ ከገረሱ ጋር እንደገና ቆፈሩት። ሲባጎ ወጠረ፣ ቱቦውን ወደ ደረቁ ጉድጓድ በኩል አዘቀዘቀው፣ ጫፉ ላይ የውሃ መውረጃ አበጀ። መገጣጠሚያውን ሁሉ በማስቲሽ አጣበቅነው። ለካ ቀጥ ማለት ሁልጊዜ ደግ አይደለም። ትንሽ ዝቅ ማለት ነው የሚያስፈልገው።

«ዘሙ ስለ እኔ ምን ትላለች?» ብዬ ጠየቅኩት፣ እንደ ዋዛ።

«ጋሼ፣ ሲባጎውን ያዙልኝ» አለ።

ያዝኩለት።

ኅዳር 19

ውጭ ሰባት። የዘሙ ትራስ ላይ አሥራ ስድስት። የመስኮቱን ክፍተት በፍሪጅ በር ጎማ ዙሪያውን ዘግቼዋለሁ። አሮጌው አየር ከጣሪያው ሥር ባለች ቀዳዳ ይወጣል። ሽታ የለም። ጭስ የለም። ቀን ላይ ደግሞ ቆርቆሮው ሲግል ክፍሉ እንደ ዛፍ ጥላ ነው።

ሠራ። በቃ፣ ሠራ።

ለማን ልንገረው? ለሬድዋን ነገርኩት። ለገረሱ ነገርኩት። ከዚያ ስልኩን ይዤ ዘሙ የሚለው ላይ ቆየሁ። ቀድሞ ዝም ያለ ሰው ጋ መደወል ለምን ይከብዳል?

ኅዳር 22

የብርቄ ድመት ዳማ ቤቷን ጥላ መጣች። የቱቦው አፍ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ከቴርሞሜትሬ የበለጠ ምስክር ነው፤ ድመት አትዋሽም። ብርቄ ልትወስዳት መጣች። እሷም እጇን ዘረጋችበት።

«ይኼ ነው እንዴ መቃብሩ?»

«ይኼ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልክ?»

ድመቷን ትታልኝ ሄደች።

ኅዳር 23

ጠዋት ሥራ የለም። ከሰዓት ሥራ የለም። ሰው አላናገርኩም። ከዳማ ጋር ቱቦው ፊት ተቀምጬ ሳለሁ አፌ ራሱ ጀመረ። ዛሬ ምሳ የበላሁት ደረቅ ዳቦ መሆኑን ነገርኩት። ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት እንደሚያስጠላ። ዝም ብሎ ተነፈሰ። የማይስቅ አድማጭ ጥሩ ነው፤ ለማሳቅ አትለፋም።

ኅዳር 24

ብርቄ በሰሃን ሽሮ በእንጀራ ይዛ መጣች። ጾም ገብቶባት የጾም ነው። «ያንተም የኔም አፍ ይበላዋል» አለች። ምን ነካት? ሰሃኗን ልመልስ ብል «ነገም አለ» አለችኝ።

ኅዳር 28

አያት ሄድኩ።

በታክሲ መገናኛ ወርጄ ባቡር ያዝኩ። ጉርድ ሾላ ላይ ሰው ሞላ፣ ቆሜ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳጠና ነበር። «ዘሙ፣ አጥፍቻለሁ። ክፍሉ ሞቋል። ነይልኝ።» ሦስት ነገር። ሕፃን ይይዘዋል።

አራተኛ ፎቅ። ዘሙ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ያን ደረጃ ወርዳ ስለማትወጣው፣ ከመጣች ጀምሮ እዚያው ናት። በመስኮቱ የእንጦጦ ጋራ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እያየችው ነበር መሰለኝ... ወይስ እኔ እንዲህ ፈለግኩ?

«እንዴት ነህ» አለችኝ።

እንዴት ነህ። ዘሙ እንዴት ነህ ብላኝ አታውቅም። «አንተ ቀላል፣ መጣህ?» ነበር የምትለው። ሻዩን በእንግዳ ብርጭቆ አቀረበችልኝ።

ሦስቱን ነገሮች ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው።

«ይህ ፎቅማ ለሰማይ ቅርብ ነው፣ ዘሙ። ከዚህ የሚሄድ ሰው ትራንስፖርት አይቸገርም።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ናዲያ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። «አጎቴ፣ አትቀየማት። ስትጠብቅህ ነበር።»

«መጣሁ እኮ፣ ናዲዬ።»

«ቀልድህ ነው የመጣው» አለች። «አንተ አልመጣህም።»

ባቡሩ ሲመለስ ባዶ ነበር። ወንበር እንደ ልብ።

ታኅሣሥ 3

መብራት ጠፋ። ፋኑ ቆመ። ቤቱ ጭር አለ። ሳላውቀው ያን ትንፋሽ ለምጄዋለሁ ለካ። ዳማ ተነስታ ቱቦው ውስጥ አየች። እኔም አየሁ። ጨለማ ነው።

ሲመለስ ሁለታችንም ቦታችን ተመለስን።

ታኅሣሥ 9

ዛሬ ለቱቦው ሁሉንም ነገርኩት። ሳልቀልድ። እንዲህ ነው ያልኩት፦

ጠዋት ጠዋት ሁለት ብርጭቆ አወጣለሁ። ከዚያ አንዱን አስገባለሁ። ቀልዴን የሚያውቅ ሰው በዚህ ዓለም ሁለት ነበር። አንዱ ኮልፌ መቃብር ተኝቷል። አንዷ መስኮት ታያለች። ሌላው ሰው በቀልዴ ይስቅና ይሄዳል። ዘሙ ግን ትቆጣኝና ትቀመጥ ነበር። «ለአንቺ ነው» ያልኳት እውነቴን ነበር። ወላሂ እውነቴን ነበር። ገደል ይግባ ድንኳኑ።

ዳማ አፏን ከፍታ አዛጋች።

ታኅሣሥ 10

ብርቄ ምስር ወጥ አመጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «ጉንፋን ነው?» አልኳት። «ሽንኩርት ነው» አለች። ከዚያ ቤቴን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ብርጭቆዎች አየች። አንዷን አንስታ ሻይ ቀዳችበት። ጠጣች።

ሴትዮዋ አልገባችኝም። በዚህ ሁሉ ዓመት ጎረቤትነት እንዲህ ሆና አታውቅም።

ታኅሣሥ 17

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ነው። ወለሉ ላይ ቱቦው ፊት ተቀምጬ ለዳማ «ዛሬም አልደወለችም» አልኩ።

ቱቦው «አንተስ መቼ ደወልክ?» አለ።

ዳማ ዘለለች። እኔም ዘለልኩ። ወዲያው ገባኝ፤ ብርቄ የኅዳሩን ብድር እየመለሰች ነው።

«ብርቄ፣ ተይኝ። ዛሬ ለቀልድ አቅም የለኝም።»

«ብርቄ አይደለሁም።»

ፋኑ ይተነፍሳል። ድምፁ የእህቴ ነው። ከመሬት ሥር።

«ሙክታር፣ አንተ ቀላል... ቱቦ በሰው አጥር ሥር ታቆምና ወሬህን የሚሰማ የለም ትላለህ? ብርቄ ልብስ ባሰጣች ቁጥር ስትሰማህ ከረመች። ስለ ደረቅ ዳቦው ነግራኛለች። ስለ ብርጭቆውም ነግራኛለች። ትናንት ደውላ 'ወንድምሽ ለመሬት እየተናዘዘ ነው፣ መሬት ከምትሰማው አንቺ ስሚው' አለችኝ።»

እኔ ነኝ ብርቄን በዚህ ቱቦ ያስደነገጥኳት። ድምጿ እዚህ ድረስ ጥርት ብሎ ሲመጣ የሰማሁት እኔ ነኝ። ወደዚህ የሚመጣ ድምፅ ወደዚያም እንደሚሄድ እንዴት ጠፋኝ? ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው... ማን እንደገባበት አሁን አወቅኩ።

ቀልድ ፈለግኩ። አንድም አልመጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ።

«ዘሙ፣ ብርድ ላይ አትቁሚ። በሩ ክፍት ነው፣ ግቢ።»

«መጀመሪያ ንገረኝ። ለማነው የቆፈርከው?»

«ለአንቺ ነው።»

ስትስል ሰማኋት። ከዚያ፦

«እንደዚያ በል» አለች።

በመስኮት አየሁ። ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብላለች፣ አንድ እጇ ቱቦው ላይ፣ ሌላው ብርቄ ትከሻ ላይ። ናዲያና ሬድዋን ከኋላ ሻንጣ ይዘዋል።

ታኅሣሥ 18

ጠዋት በሯን አንኳኳሁ። ተነስታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሌሊቱን ሳል አልሰማሁም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እንደነበር አልነገርኳትም።

«ሌሊቱን ማነው ሲተነፍስ ያደረው?» አለችኝ።

«ምድር ናት።»

«ጨዋ ናት። እንደ ጀማል አታንኮራፋም።»

ዘሙ ቀለደች። በጀማል ቀለደች። ሳቅኩ... ሳቅኩና ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። ላቆመው ብል እምቢ አለኝ። ዘሙ አልጋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

አብረን ተቀመጥን፤ ፋኑን እያዳመጥን።

ታኅሣሥ 24

አቶ ይድነቃቸው ሊጠይቋት መጡ። ክፍሉን አዩ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ቆባቸውን አወለቁ። የአሁኑ ሞቋቸው ነው። «ድንኳኑን ሰርዘነዋል» አሉ፣ ፊታቸውን ቅንጣት ሳያፈቱ። ቀልደው ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅኩም። ሰውዬው ከእኔ ሳይበልጡ አይቀሩም።

ጥር 8

ጠዋት ስድስት ዲግሪ። ደጅ ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። ዘሙ ጋ አሥራ ስድስት። «ሙቀት ነው እንዴ ይኼ?» ትላለች፣ ጋቢዋን ለብሳ። ግን አትስልም።

ክረምቱን ናዲያ ጋ ልትከርም ተስማምተናል። ዝናቡ ሲበረታ የቱቦው ነገር አይታወቅም፤ ሬድዋንም እንዲህ ይላል፣ እኔም ዘንድሮ ሬድዋንን እሰማለሁ። ያኔ ቤቱ እንደገና ጭር ይል ይሆናል። ይበል። እስከዚያ መጋቢት አለ፣ ሚያዝያ አለ። የጀማልን ዓመት አብረን እናወጣለን።

ይህን የምጽፈው ጓሮ፣ መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፊቴ አንድ ፍሪጅ ሆዱን ከፍቶ ቆሟል። ከጎኔ የቱቦው አፍ።

አሁን ድምፅ ወጣው። «ሙክታር፣ ሻይህ ቀዘቀዘ።»

ምላሴ ላይ አንድ ነገር መጣ፣ ስለ ቀዘቀዘ ሻይና ስለ ፍሪጅ ጠጋኝ። ጥሩ ነበር። ለሌላ ቀን ይቆይ።

«መጣሁ» አልኩ።

ሰማች።